የውጫሌ ውል በቤታችን

አንባቢ ሆይ፤ ከደሴ ተነሥተህ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ ስትሄድ የአምባሰልን ከተማ ውጫሌን በመንገድህ ላይ ታገኛለህ። ከተማይቱን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስምዋን ያውቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት በዚሁ አካባቢ፥ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ፥ በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የተደረገው ውል በዓለም ሁሉ የውጫሌ ውል ተብሎ ይጠራልና። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት። ከነዚህም 17ኛው በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ሁለት ነገር ተናገረ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት እርዳታ መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገር ነበር፤ ኢጣልያንኛው ግን በዚያው መንግሥት በኩል ለመላላክ እንደ ተስማሙና ግዴታ እንደ ገቡ አድርጎ ይናገር ነበር። በአንዱ ወረቀት ፈቃድ የነበረው በሌላው ወረቀት ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ባወቁ ጊዜ ተከራከሩ፤ በ1885 ዓመተ ምሕረትም ውሉን መተዋቸውን አስታወቁ። ፍርዱም የካቲት 23 ቀን 1888 በዐድዋ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ተሰጠ፤ በጥቅምት 1889 በአዲስ አበባ በተደረገው ስምምነት የውጫሌው ውል ፈረሰ።

ይህን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም። እኛም ለልጆቻችን ስንነግራቸው የበረታው ወገን ውልን ለራሱ እንዲመቸው አድርጎ ማንበቡ ግፍ መሆኑን አስረድተን እንነግራቸዋለን። መልካም ነው። ነገር ግን ይህን የምንነግራቸው በማን ፊት ነው? ውሃውን ቀድታ፥ እንጀራውን ጋግራ፥ ቡናውን አፍልታ በማጀቱ በር ላይ በቆመችው ልጅ ፊት ነው። ከእርስዋም ጋራ ውል አለን። ያ ውል በእኛ ልብ እንዴት እንደሚነበብና በእርስዋ ልብ እንዴት እንደሚነበብ ጠይቀን እናውቃለንን?

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ ብቻ እንዳይመስልህ በገዛ ቤቴ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ አጎትዋ ይዞአት ወደ ቤታችን መጣች። ተቀምጠን ተነጋገርን። ደመወዝዋ ይህን ያህል ይሁን አልን፤ ገንዘቡም እንዳይባክንባት በእኛ ዘንድ ይቀመጥላት አልን፤ በመጨረሻም የማታ ትምህርት ትማራለች አልን። አጎትዋ መረቀንና ሄደ። ልጅቱ ግን ከተነገረው ሁሉ አንዱን ቃል አጥብቃ ያዘች፤ እርሱም ትማራለች የሚለው ነው። ለእርስዋ የተስፋ ቃል ነበረ። እኛ ደግሞ ሥራው ካለቀ፥ እንግዳ ካልመጣ፥ ሕፃኑም ካልታመመ ልትማር ይቻላታል ብለን አነበብነው። በአንድ ቤት የሚሠራ ሥራ ደግሞ ከቶ አያልቅም። መስከረም መጣ፥ አለፈ፤ ሌላ መስከረምም መጣ፥ አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ ወደ እናትዋ ለመሄድ ተነሥታ ገንዘብዋን በጠየቀች ጊዜ ደብተር አወጣን። በደብተሩ የተሰበረው ብርጭቆ፥ የተገዛላት ቀሚስና ጫማ፥ በታመመች ጊዜ ለመድኃኒት የወጣው ሁሉ ተጽፎ ነበር። ቀሚሱን በሰጠናት ቀን ስጦታ ብለን ሰጥተናት ነበር፤ በደብተሩ ግን ዕዳ ሆኖ ተገኘ። እርስዋም አልተከራከረችም፤ የተረፈውን ቆጥራ ተቀበለችና «እኔ የገባኝ እንዲህ አልነበረም» ብላ ሄደች፤ ከዚያም ወዲያ አልተመለሰችም። በዚያው ሰሞን ልጄን ለፈተና የ17ኛውን አንቀጽ ታሪክ ሳስጠናው ምላሴ ተያዘብኝ። አንቶኔሊን እየነቀፍሁ ራሴን ሰማሁ።

በመጽሐፍ ቅዱስ የላባን ነገር ተጽፎአል። ያዕቆብ ስለ አንዲት ልጅ ሰባት ዓመት ሲገዛለት ሌላይቱን ሰጠው፤ ደመወዙንም አሥር ጊዜ እንደ ለዋወጠበት ያዕቆብ ራሱ በዘፍጥረት 31ኛው ምዕራፍ ሲያማርር እናገኛለን። ላባን ሽፍታ አልነበረም፤ ባለቤት ነበረ፥ ባለ መንጋ ነበረ፥ ዘመድም ነበረ፤ እንግዳውን ሮጦ አቅፎ ስሞ ወደ ቤቱ አስገባው። ቤተሰብ መሆን ነው የውልን ቃል ለማለስለስ የተመቸው። «እንደ ልጃችን ናት» የምንለው ቃልም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ልጃችን ከሆነች ከልጆቻችን ጋራ ለምን አትማርም? ሠራተኛችን ከሆነች ደመወዝዋን ለምን አንከፍላትም? ከሁለቱ አንዱን እንኳ ሳናደርግላት በሁለቱም ስም እናዝዛታለን።

የአገራችን ሕግ በዚህ ነገር ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ለክርስቲያን ይጠቅመዋል። ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባችበት በ1916 ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ታወጀ፤ በ1934ም ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ይህ ከሆነ አንድ የሰው ዕድሜ ያህል ጊዜ ብቻ አለፈ። ዐዋጅ ሰንሰለትን በአንድ ቀን ይፈታል፤ የጌታውን ድምፅና የአሽከሩን አንገት አቀርቃሪነት ግን በአንድ ቀን አይፈታም። ነጻ ከወጡትም ብዙዎች የሚሄዱበት ስላልነበራቸው በዚያው ቤት፥ በዚያው ማጀት፥ ስማቸው ብቻ ተለውጦ ቀሩ። ዛሬ ሠራተኛዋን በምንጠራበት ቃና ውስጥ ያ ዘመን ፈጽሞ አልፎአል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ከዚያ በኋላ በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ በሕግ እኩል እንዲጠበቅ ደነገገ። በ1958 ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ተቀበለች፤ ለእኩል ሥራ ለወንድና ለሴት እኩል ደመወዝ ይከፈል የሚለውንም በ1991 ተቀበለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፥ በ42ኛውም ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2000 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የቆመ ዐዋጅ ወጣ፤ ቍጥሩም 568 ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ አሠሪ በሠራተኞቹ መካከል በብሔር፥ በጾታ፥ በሃይማኖት፥ በፖለቲካ አመለካከት፥ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ እንዲህ ባለ ምክንያት እንዳይለይ ይከለክላል። የሥራን ሰዓት በቀን 8፥ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኖአል። ለወለደች ሴትም ከመውለድዋ በፊት 30፥ ከወለደችም በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋራ ዕረፍት ሰጥቶአታል።

ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ሕግን የሚንቅ ክርስቲያን ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን አላነበበም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ዐዋጁን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተህ ብታነብ 3ኛው አንቀጽ ላይ ትደርሳለህ። እርሱም ይህ ሕግ የማይነካቸውን ሲቈጥር ትርፍ ለማግኘት ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩትን ይቈጥራል፤ ነገራቸውም ወደፊት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲታይ ለብቻው ተትቶአል። እነዚህ እነማን ናቸው? የቤት ሠራተኞቻችን ናቸው። የፋብሪካው ሠራተኛ 8 ሰዓት ሠርቶ ይወጣል፤ ለእርሱ ምሳ የምትቀቅለው ልጅ ግን ከእርሱ በፊት ተነሥታ ከእርሱ በኋላ ትተኛለች፥ ሰዓትዋንም የሚቈጥርላት የለም። በእርግጥ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ በመኝታውና በምግቡ፥ በሥራውና በዕረፍቱ ጊዜ ጤናውም ሞራሉም እንዲጠበቅለት አሠሪውን ያስገድደዋል። እኔ በደብተር የጻፍሁት የመድኃኒት ዋጋ በዚህ ሕግ ዐይን እንዴት እንደሚታይ አንተው ፍረድ። ነገር ግን ይህን የሕግ ቃል ይዛ ወደ ዳኛ የምትሄድ ስንት ልጅ ታውቃለህ? በየትኛው ቀንዋስ ትሄዳለች?

ሕግ እስከ ቤት ደጃፍ መጥቶ መቆሙ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በአሜሪካ፥ በሞንትጎመሪ ከተማ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1955 እስከ 1956 ጥቍር ሕዝብ በአውቶቡስ ውስጥ ስለሚደርስበት ንቀት 381 ቀን አውቶቡስ አልሳፈርም ብሎ በእግሩ ሄደ። ከእነዚያ እግረኞች ብዙዎቹ በነጮች ቤት ምግብ የሚያበስሉ፥ ልብስ የሚያጥቡና ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ነበሩ፤ ጧት ወደ ሥራ፥ ማታ ወደ ቤት በዝናብም በፀሐይም ሄዱ። ያ ተጋድሎ ከሌሎቹ ጋራ ተባብሮ በ1964 ታላቁን የሲቪል መብት ሕግ አስገኘ፤ አሠሪም ሰውን በቀለሙ፥ በዘሩ፥ በሃይማኖቱ ወይም በጾታው ምክንያት ከሥራ እንዳይከለክል ተደነገገ። ነገር ግን ስለ ሥራ የሚናገረው ክፍል የሚይዘው ብዙ ሠራተኞች ያሉትን አሠሪ ነበር፤ መጀመሪያ ቍጥሩ 25 ነበረ፥ ኋላ 15 ሆነ። በአንድ ቤት ግን አንዲት ሠራተኛ ብቻ አለች። እንግዲህ እነዚያ በእግራቸው የሄዱ ሴቶች በብዙ ድካም ያስገኙት ሕግ እነርሱ ወደሚሠሩበት ማጀት አልገባም። የዝቅተኛውን ደመወዝና የሰዓትን ሕግ እንኳ ለቤት ሠራተኞች የሰጡአቸው በ1974 ነው፤ ሕጉ ከወጣ 36 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከዚያ ይልቅ የሚቀርበንን ልናገር። ከአምባሰልና ከሌላውም የወሎ አገር ስንት ልጅ ወደ ዐረብ አገር ሄደች! በየመንደሩ በአንዱ ቤት የተከደነው ቆርቆሮ፥ በሌላው ቤት ያለቀሰች እናት ይህን ይመሰክራል። በ2006 ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ በተመለሱ ጊዜ ከእነርሱ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። የደረሰባቸውን በሰማን ጊዜ አዘንን፥ ተቈጣንም። ፓስፖርትዋን ቀሙአት አልን፤ ደመወዝዋን ያዙባት አልን፤ ዕረፍት ከለከሉአት፥ ስልክ ከለከሉአት አልን። በሊባኖስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ እንዳደረገ ስንሰማም ይህ እንዴት ያለ አገር ነው እንላለን። ቍጣችን እውነተኛ ነው። እኔ ግን እፈራለሁ፤ ከዚያ የተመለሰችው ልጅ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዳ በአንዳችን ቤት ብትቀጠርና በእኛ ቤት ያየችውን በዚያ ካየችው ጋራ ብታስተያይ ምን ትል ይሆን? ፓስፖርት የላትምና አልወሰድንባትም። ደመወዝዋን ግን ማን ዘንድ ነው የምናስቀምጠው?

አሁን ወደ እግዚአብሔር ቃል እንመለስ። ከሲና ተራራ የተሰጠውን የዐሥሩን ትእዛዛት ሕግ ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ስለ ሰንበት የሚናገረውን ግን እስከ መጨረሻው የሚያነብበው ጥቂት ነው። በዘጸአት 20ኛው ምዕራፍ በ10ኛው ቍጥር እግዚአብሔር በዚያ ቀን ሥራ የማይሠሩትን በየስማቸው ሲጠራ ባለቤቱንና ልጆቹን ብቻ አልጠራም፤ ወንዱን አገልጋይና ሴቲቱን አገልጋይ፥ ከብቱንም፥ በደጅ ውስጥ ያለውን እንግዳም ጠራ። ይህን ልብ በል፤ የምድር ሕግ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ የእግዚአብሔር ሕግ ደጁን አልፎ ገብቶ ማጀቱን ከፈተና እርስዋንም ዕረፍት ይገባታል አለ። እንግዲህ እሑድ ጧት እኛ ጸሎት ቤት ተቀምጠን ስንዘምር እርስዋ ከጸሎት በኋላ ለሚመጡት እንግዶች ዶሮ የምትገነጥል ከሆነ ሰንበትን ያከበርነው በእርስዋ ጀርባ ነው።

ኢዮብም አለ። ስለ ትዕግሥቱ ብዙ ይሰበካል፤ ስለ ሠራተኞቹ የተናገረው ግን ብዙ አይሰበክም። በ31ኛው ምዕራፍ ራሱን ሲመረምር ወንድ ወይም ሴት አገልጋዬ ከእኔ ጋራ በተከራከሩ ጊዜ ነገራቸውን ንቄ እንደ ሆነ እግዚአብሔር በተነሣ ጊዜ ምን እመልሳለሁ ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ እኔን በማኅፀን የፈጠረ እርስዋንም ፈጥሮአታል ወደሚል አሳብ ይደርሳል። ሁለት ነገር እዚህ እናገኛለን። በኢዮብ ቤት ገረዲቱ መከራከር ይቻላት ነበር፤ ተከራክራም አትባረርም ነበር። ሁለተኛም እኩልነትን ኢዮብ የተማረው ከመንግሥት ዐዋጅ አይደለም፤ እርሱና ሠራተኛው ከአንድ ፈጣሪ እጅ መውጣታቸውን በማሰብ ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ ጳውሎስ አገልጋዮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ አላዘዘምን? ይለኛል። አዎን፥ ለኤፌሶን ሰዎች በ6ኛው ምዕራፍ በ5ኛው ቍጥር ጽፎአል። ነገር ግን 9ኛው ቍጥር እዚያው ገጽ ላይ ነው። በዚያ ጌቶችን እናንተም እንዲሁ አድርጉላቸው፥ ማስፈራራትን ተዉ፥ የእነርሱና የእናንተ ጌታ በሰማይ ነው፥ እርሱም ፊት አይቶ አያደላም በማለት ያስጠነቅቃቸዋል። ለቈላስይስ ሰዎችም በ4ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ጌቶች ጽድቅንና እኩልነትን ለአገልጋዮች እንዲያደርጉ ይነግራቸዋል። ጌቶች ግን በየዘመኑ 5ኛውን ቍጥር ለአገልጋይ አነበቡለት፤ 9ኛውን ለራሳቸው ማንበብ ረሱ። ይህም አንድን ወረቀት በሁለት መንገድ ማንበብ ነው።

ሌላውም በማቴዎስ 20ኛ ምዕራፍ ያለውን የወይን አትክልት ባለቤት ይጠቅስና በገንዘቤ የወደድሁትን ላደርግ አይገባኝምን? ይላል። ይህ ሰው ምሳሌውን ገለበጠው። ያ ባለቤት ጧት ከቀጠራቸው ሰዎች አንዲት ሳንቲም አላጐደለም፤ የተዋዋሉትን ዲናር ሰጣቸው። ፈቃዱን የገለጠው ማንም ያልቀጠራቸው ሆነው እስከ 11 ሰዓት በገበያ ለቆሙት አብዝቶ በመስጠት ነው። ለአንዱ ለመቀነስ ይህን ምሳሌ የሚጠቅስ ጨርሶ አላነበበውም።

ስለ ቅጥርም ጥቂት ልበል፤ ግፉ የሚጀምረው ከደመወዝ ቀን በፊት ነውና። የሕንጻ ሥራ ባለበት ስፍራ ሁሉ ድንጋይና አሸዋ የምትሸከም ሴት ከአጠገብዋ ከሚሸከመው ወንድ ያነሰ የቀን ሒሳብ ስትቀበል እናያለን፤ ሸክሙ ግን ሴት ናት ብሎ አልቀለለላትም። አሠሪውን ብትጠይቀው ልማድ ነው ይልሃል። ደግሞ በእኛ አገር በወሎ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ደጃፍ እየተጠራሩ፥ በለቅሶም በሠርግም እየተረዳዱ ይኖራሉ፤ ይህ ከእግዚአብሔር የተቀበልነው በረከት ነው። ነገር ግን ሱቅ የከፈተ ክርስቲያን የእስላሙን ልጅ ለሥራ አልፈልገውም ቢል፥ ወይም ቀጥሮ በዓርብ ለስግደት እንዳይሄድ ቢከለክለው፥ ወይም አንቺ እመቤት ለእስላሚቱ ሠራተኛሽ ለእርስዋ ያልተባረከውን ሥጋ ብታቀርቢላትና ካልበላሽ ተዪው ብትዪ፥ የአገርን ሕግ ብቻ ሳይሆን ሰው እንዲያደርግላችሁ የምትወዱትን ሁሉ ለሰው አድርጉ የሚለውን የጌታችንን ትምህርት አፍርሰሻል። ምስር ወጥ መሥራት ከባድ አይደለም።

የእጅ ባለ ሙያን መናቅም እንዲሁ ነው። ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዪቱን፥ ቆዳ ፋቂውንና ብረት ቀጥቃጩን በስድብ ስም እየጠሩ፥ በዐይናቸው ይበላሉ እያሉ፥ ከማኅበርና ከጋብቻ እያራቁ የሠሩትን ግን መልበስና በሠሩት ማረስ የአገራችን የቈየ ኀጢአት ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬም በአንዳንድ ስፍራ የሸክላ ሠሪ ልጅ ተምሮ ሥራ ሲጠይቅ ከምስክር ወረቀቱ በፊት የአባቱ ቤት ይጠየቃል። የጌታችንን ሙያ ዘንግተን ይሆን? በማርቆስ 6ኛው ምዕራፍ የናዝሬት ሰዎች ይህ ጠራቢው አይደለምን ብለው ተሰናከሉበት፤ ያሰናከላቸው ሙያው ነበረ። ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበረ። ሁለቱም ሰዎች በእኛ ዘመን ለሥራ ቢያመለክቱ ከአንዳንዶቻችን ደጅ ተመልሰው በሄዱ ነበር።

ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ተነጥቆ በባርነት ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠውን ኦነሲሞስ ነሲብን አስብ። በምጽዋ ነጻ ወጥቶ በምኵሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በጥምቀትም ጊዜ የፊልሞና አገልጋይ የነበረውን የኦነሲሞስን ስም ተቀበለ። እርሱና እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጁ፤ መጽሐፉም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ታተመ። እነዚህን ሁለት ልጆች ባሮች ያደረጉአቸው ሰዎች ለአገልግሎት ብቻ ነበር የፈለጉአቸው። በማጀትህ በር የቆመችውን ልጅ ከዚህ በኋላ ስታያት ምን ትሆን ነበር ብለህ አስብ።

ስለ ደመወዝ ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ የጻፈው ቃል ያስፈራል። ከሠራተኞች የተቀነሰው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል፤ ጩኸቱም ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ ይገባል ይላል። ሠራተኛው ዝም ቢል፥ ቆጥሮ ተቀብሎ ቢሄድ፥ ገንዘቡ ዝም አይልም። ዘዳግምም በ24ኛው ምዕራፍ የድኻውን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንድንሰጥ ያዝዛል፤ ከወንድምህ ወገን ቢሆን ወይም ከእንግዳ ወገን ቢሆን አትለይ ይላል። የውጫሌ ውል የተፈረመበት ስፍራ ይስማ ንጉሥ መባሉን ከላይ ተናግሬአለሁ። ያን ስም በሰማሁ ቍጥር የያዕቆብ መልእክት ትዝ ይለኛል። ስፍራውን ማን በምን ምክንያት እንዲህ ብሎ እንደ ጠራው የታሪክ ሰዎች ይመርምሩት፤ እኔ ግን አንዲት ልጅ በማጀት ሆና ልትናገረው የምትችለው ጸሎት ሆኖ ይሰማኛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሚኒስትሮችን ደንብ አንጠብቅ። ዛሬ ማታ ራት ከበላችሁ በኋላ ሠራተኛችሁን ጥሩአትና ከእናንተ ጋራ አስቀምጡአት፤ ቆማ አትስማ። ስለ ደመወዝዋ፥ ስለ ዕረፍትዋና ስለ ትምህርትዋ ምን እንደ ገባት ጠይቁአት። መጀመሪያ ምንም አትናገር ይሆናል፤ ፈርታ ነውና ታገሡ። የተናገረችውንም አታርሙባት። ከዚያ በኋላ ደመወዝዋን በቍጥር፥ የዕረፍትዋን ቀን በስሙ፥ የምትማርበትን ሰዓት በሰዓቱ ጻፉ፤ ማንበብ ባትችል የምታምነው ሰው ያንብብላት። አንዱን ቅጅ ለእርስዋ ስጡአት። ገንዘብዋን በእጅዋ ስጡአት ወይም በስምዋ ባንክ አስገቡላት፤ በእናንተ ሣጥን አታስቀምጡላት። ስጦታ የሰጣችኋትን በደብተር አትጻፉ። በደላላ ያስመጣችኋት እንደ ሆነ የደላላውን ዋጋ ከእርስዋ ደመወዝ አትቍረጡ፤ የፈለጋችሁት እናንተ ናችሁና። የበደላችሁ እንደ ሆነም ዘኬዎስ ያደረገውን ታውቃላችሁ፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ገና ማንም ሳይከስሰው ነው።

እኔም ከዚያች ልጅ ደመወዝ የቈረጥሁትን ገንዘብ በአጎትዋ እጅ ላክሁላት። ገንዘቡ እንደ ደረሳት ነገረኝ፤ ደግሞም «ስለ ትምህርቱስ ምን ትላላችሁ?» ብላ መላክዋን ጨምሮ ነገረኝ። ከባለቤቴ ጋራ ተነጋግረን ያለችበት ሆና በመጪው መስከረም ለምትጀምረው የማታ ትምህርት የሚያስፈልገውን ሁሉ እንድንከፍልላት ጽፈን ፈረምንና አንዱን ቅጅ ላክንላት። በወረቀቱ ላይ ይቻላታል የሚል ቃል የለበትም።